የዓይን ሐኪሟ ልጅ

«ሰበር ዜና!»

ረታ ወንበር ላይ ቆሟል። የጠቀለለውን የታሪክ ደብተር እንደ ማይክሮፎን አፉ ሥር ደግኗል፤ ግንባሩን ደግሞ አገር እንደተወረረበት ሰው ቋጥሯል።

«እንደምን አረፈዳችሁ፣ ክቡራንና ክቡራት። የዘጠነኛ ‹ለ› ክፍል የፊዚክስ መምህር የሆኑት የተከበሩ መምህር ፍቃዱ፣ ዛሬ ረፋድ ላይ በመምህራን ማረፊያ በተካሄደ ደማቅ ሥነ ሥርዓት፣ አንድ ሙሉ ካሮት ያለ ጨውና ያለ በርበሬ በልተው ማጠናቀቃቸውን በስፍራው የነበሩ የዓይን እማኞች ገለጹ። ካሮቱ ታጥቦ እንደነበረ ለማጣራት ያደረግነው ጥረት አልተሳካም። መምህሩ ከካሮቱ በኋላ በሰጡት አጭር መግለጫ፣ ጥቁር ሰሌዳው ከትናንቱ ይልቅ ጠቁሮ እንደታያቸው ተናግረዋል። ለዚህ ታላቅ ስኬት ላበቃን ለዓይን ሐኪሟ ልጅ፣ ለአቶ ኣንዶም ኣረፋይነ፣ የክፍሉ ሕዝብ ከፍ ያለ ምስጋናውን ያቀርባል። ወደ ስፖርት እናልፋለን።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ክፍሉ የሚስቀው በትግርኛ ነው፤ ረታ ግን ዜናውን የሚያነብበው በአማርኛ ነው፤ ምክንያቱም አንደኛ፣ ወላጆቹ ከወሎ የመጡ ናቸው፤ ሁለተኛ፣ እሱ እንደሚለው፣ ውሸት እንኳ ቢሆን በዜና አማርኛ ሲነገር የሚከራከረው የለም።

ኣንዶምም ሳቀ። እንዲያውም ከሁሉም አስበልጦ ሳቀ። ሰው በራሱ ውሸት ላይ ሲሳቅ ድምፁን ከፍ ማድረግ አለበት፤ አለዚያ ዝምታው ይሰማበታል።

የኣንዶም እናት የዓይን ሐኪም አልነበረችምና።

ነገሩ የጀመረው ሰባተኛ ክፍል ሳለ፣ በሌላ ትምህርት ቤት ነው። እናቱ ዶክተር የኔአለም የጡትና የማኅፀን ካንሰር ተመራማሪ ናት። ሳሎናቸው መደርደሪያ ላይ፣ ከመጻሕፍቱ ጎን፣ ከሲሊኮን የተሠራ አንድ ጡት ነበር። ውስጡ አራት እብጠቶች ተደብቀዋል፤ ገጠር ለሚሠሩ ጤና ባለሙያዎች በጣታቸው እየዳሰሱ እንዲያገኟቸው የምታስተምርበት ነው። አንድ ቅዳሜ የቡድን ሥራ ሊሠሩ የመጡ ጓደኞቹ አገኙት። እብጠቱን የፈለገ የለም። መጀመሪያ ተንጫጩ፤ ከዚያ ተቀባበሉት፤ ከዚያ አንዱ በረኛ ሆነ። ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤት ሲደርስ የክብር ስም ወጥቶለት ጠበቀው፦ «የጡት ልጅ»።

በድሮ ጊዜ የጡት ልጅ መባል ወግ ነበር፤ ሰው ለትልቅ ሰው ጡት ልጅ ሆኖ ርስት ይካፈል ነበር ይላሉ። ኣንዶም የተካፈለው ርስት የለም። ሁለት ዓመት ሙሉ የተካፈለው ስድብ ነው።

ስለዚህ መቀሌ፣ ዓዲ ሓቂ ሰፈር ወዳለው አዲሱ ትምህርት ቤት ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ፣ የክፍል ኃላፊዋ ሁሉንም እያስነሣች ስምና የወላጅ ሥራ ስትጠይቅ፣ ተራው እስኪደርስ በደንብ አሰበበት። «ሐኪም» ብሎ ሊቀመጥ ነበር። መምህርቷ ግን «የምን ሐኪም?» አለች።

«የዓይን» አለ።

ዓይን ጥሩ ነው። ዓይን ከአንገት በላይ ነው። በአገራችን ከአንገት በላይ ያለ አካል ሁሉ ክብር አለው፤ በአደባባይ ይታመማል፣ በአደባባይ ይታከማል። ከአንገት በታች ያለው ግን፣ በተለይ የሴት ከሆነ፣ የሚታመመው በሹክሹክታ ነው።

መምህር ፍቃዱ በማግስቱ መነጽራቸውን አውልቀው «እስኪ እናትህን ጠይቅልኝ፣ ከሩቅ ይጋረድብኛል» አሉት። ኣንዶምም ሳይጠይቅ አድሮ «ካሮት ይብሉ ብላለች» አላቸው። ካሮቱ የመጣው ከዚህ ነው።

ዶክተር የኔአለም በበኩሏ ስለ ካሮት ለማሰብ ጊዜ አልነበራትም። የምታጠናው አንድ ጥያቄ ነው፦ ሴቶች ለምን ዘግይተው ይመጣሉ? በጦርነቱ ጊዜ መልሱ ቀላል ነበር። መንገድ የለም፣ መድኃኒት የለም፣ መብራት የለም። የስንት ሴት ናሙና የሚቀመጥበት ፎርማሊን የሚባለው ፈሳሽ አልቆ፣ ሥጋው እጇ ላይ ሲበሰብስ አይታለች። በኋላ ጥናቷን ስታሳትም፣ ያን ሁሉ «በአቅርቦት መቆራረጥ ምክንያት የተወሰነ መረጃ አልተሟላም» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈችው፤ ሳይንስ ልቅሶ አይወድማ። አሁን ጦርነቱ ቆመ ተባለ፤ መንገዱ ተከፈተ፤ መድኃኒቱም እየተንጠባጠበ ይመጣል። ሴቶቹ ግን አሁንም ይዘገያሉ። ስለዚሁ ጉዳይ በተዘጋጀ አውደ ጥናት ላይ ባለሙያዎች ሁለት ቀን ሙሉ መክረው፣ ምሳ በልተው፣ «ግንዛቤ ማስጨበጥ ያስፈልጋል» በሚል ድምዳሜ ተለያይተዋል። የማን ግንዛቤ እንደሆነ ግን አልተገለጸም።

ኅዳር ውስጥ አንድ ቀን፣ ኣንዶምና ረታ ከትምህርት ቤት ወደ ሮማናት አደባባይ በእግራቸው ይወርዱ ነበር። ረታ ያለ ወትሮው ዝም ብሏል። የላስቲክ ጠርሙስ እየረገጠ ሄደ፣ ሄደ፣ ከዚያ ተወው።

«ስማ እስኪ» አለ። «እናትህ የምታየው ዓይን ብቻ ነው?»

«እና ምን እንድታይልህ ፈለግክ?»

«አይ፣ ሐኪም መጀመሪያ ሁሉንም ይማር የለም እንዴ? ማለቴ… የሴት ነገር። ለምሳሌ እዚህ አካባቢ…» ረታ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው እጁን ደረቱ ላይ ሽው አደረገ።

የኣንዶም ጆሮ ጋለ። አለቀ፣ አለ በልቡ፤ አንዱ ነግሮታል። ሊያወጣጣኝ ነው። ነገ ወንበር ላይ ቆሞ «ሰበር ዜና፣ የጡት ልጅ» ሊል ነው።

«ለምን ትጠይቃለህ?»

«ለአክስቴ ነው።»

«የትኛዋ አክስትህ?»

«አለች፣ አንዲት አክስት።»

ረታ መቀሌ ውስጥ አክስት የለውም። ይህን ኣንዶም ያውቃል። ወጥመድ መሆኑን ያረጋገጠለትም ይኸው ነው።

«እናቴ ዓይን ብቻ ነው የምታውቀው» አለ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እያስቀመጠ። «ከዓይን ወረድ ብለህ አፍንጫ እንኳ ብትጠይቃት አታውቅም። እንዲህ ያለ ነገር ስትሰማ ይቀፋታል።»

«አፍንጫም አታውቅ?»

«አፍንጫም።»

ረታ ሳቀ፤ ሳቁ ግን አልቆየም። «በጉዳዩ ላይ ሲካሄድ የነበረው ምርመራ ያለ ውጤት ተዘግቷል» አለ በዜና ድምፁ። ማይክሮፎን ግን አልያዘም። ሁለት እጁን ኪሱ ከትቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ዜናው እየሳሳ መጣ። መጀመሪያ ስፖርቱ ቀረ፤ ቀጥሎ የአየር ትንበያው። መምህር ፍቃዱ ካሮታቸውን ያለ ዘጋቢ በሉ። ኣንዶም ግን ምስጢሩ ባለመውጣቱ ተደስቶ ነበር። ወጥመዱን ዘለልኩት ብሎ ነበር።

በየካቲት ሱሪው አጠረበትና እነ ረታ ቤት ሄደ። የረታ እናት፣ እትዬ አፀደ፣ ልብስ ሰፊ ናት። የዓዲ ሓቂ ተማሪ ግማሹ የለበሰው ዩኒፎርም ከእሷ መኪና የወጣ ነው። ባሏ ጦርነቱ ሳይጀመር ለሥራ ወደ ደቡብ ተዛውሮ፣ መንገዱ ተዘግቶ እዚያው ቀረ፤ መንገዱ ሲከፈትም፣ ስልኩ ብቻ መጣ፣ እሱ አልመጣም። ረታን ያሳደገችው በዚያች መኪና ነው።

«የቁመትህ ነገር!» አለችው፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ አጥልቃ። «ባለፈው መስከረም የለካሁህ ልጅ ነህ ወይስ ታላቅ ወንድሙ? ና እስኪ፣ የእኔ ጌታ፣ ወደ ብርሃኑ ና።»

ስትለካው በቀኝ እጇ ብቻ ነበር። ግራ ክንዷ እንደታመመ ዶሮ ክንፍ ጎኗ ላይ ተጣብቋል። በበጋ ሙቀት ወፍራም ሹራብ ለብሳለች፣ በዚያ ላይ ነጠላዋን በግራ በኩል ደራርባለች። የሰው ደረት ሲለካ የኖረ ሰው፣ የራሱን እንዴት እንደሚሸፍን ያውቃል።

«ረታ፣ ያንን ጨርቅ አውርድልኝ» አለች። ጨርቁ ከራሷ ከፍ ብሎ ነበር፤ እጇን ዘርግታ ልትደርስበት የምትችለው ዓይነት። ረታ ተነሥቶ አወረደው። ኣንዶምን አላየውም።

«እናትህ ደኅና ናት?» አለች አፀደ ጫፉን በመርፌ እየያዘች። «ዓይን ማከም መታደል ነው። እኔም ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ ላይ እየጠፋብኝ ነው። አንድ ቀን መጥቼ ባያት… እንዲያውም ሴት ለሴት ነው፣ ሌላም የምጠይቃት…» አቆመች። መርፌውን ከከንፈሯ አወጣች። «ተወው፣ ሥራ ይበዛባታል።»

ኣንዶም አፉን ከፈተ። ሦስት ቃል ነበር የሚያስፈልገው። እናቴ፣ ዓይን፣ አይደለችም። ረታ በበኩሉ ከጨርቁ ጥቅል ጀርባ ሆኖ ይጠብቃል፤ ወይም ለኣንዶም የሚጠብቅ መሰለው።

«እነግርልሻለሁ… እነግርልዎታለሁ» አለ። «ሰላም ብለዋታል እላታለሁ።»

«አደራ» አለች። ሱሪውን በነፃ ሠራችለት።

ግንቦት መጣ። ዶክተር የኔአለም ሥራዋን ወደ ማዕድ የማምጣት ልማድ የላትም። ያን ምሽት ግን የታጠበ እጇን እንደገና ልትታጠብ ተነሣች፤ ተመልሳ ተቀመጠች፤ እንጀራውን ቆርሳ ሳትጎርሰው መልሳ አኖረችው።

«ምን ሆንሽ፣ የኔዋ?» አለ ኣረፋይነ፣ የኣንዶም አባት። የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ለሁሉም ነገር ጊዜ ያለው ሰው።

«ምንም።» እንጀራውን ገፋ አደረገችው። «ሴቶቹን ሁሉ አንድ ነገር እጠይቃቸዋለሁ፦ መጀመሪያ ለማን ነገርሽ? ለባሌ የሚሉ አሉ። ለንስሐ አባቴ የሚሉ አሉ። ለማንም የሚሉት ይበዛሉ። ዛሬ ግን አንዷ ለልጄ አለችኝ።»

«ለሴት ልጇ?»

«ለወንድ ልጇ። ሌላ ሰው የላትም። ዘጠነኛ ክፍል ነው፣ እንደዚህኛው።» በአገጯ ወደ ኣንዶም ጠቆመች።

«እሞ፣ ልጁ ምን አደረገ?»

«ልጁማ ጎበዝ ነው። እናቱ ሐኪም የሆነች ጓደኛ አለው፤ ሄዶ ጠየቀው። የጓደኛው እናት የዓይን ሐኪም ናት፣ ሌላ አታውቅም፣ ይቀፋታል ተባለ። ልጁም ተመልሶ ይህንኑ ነገራት። እሷም እግዜር አልፈቀደውም ማለት ነው ብላ፣ ጸበል እየጠጣች ተቀመጠች። በኅዳር ሽንብራ ያክል ነበር። ዛሬ ምን እንደሚያክል እዚህ ማዕድ ላይ አልናገርም። ጎረቤቷ ናት ጎትታ ያመጣቻት፣ ልብሷ ላይ ደም አይታ።»

«ኣየ…» አለ ኣረፋይነ።

«ዓይን ሐኪምስ ብትሆን! ሐኪም አይደለችም? ‹ነገ ላካት› ማለት ያቅታታል? በዚህ ከተማ ያሉትን የዓይን ሐኪሞች አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ጠይቄ አገኛታለሁ። የማን ልጅ እንደሆነም አጣራለሁ።»

«ተዪው በቃ። ልጅ ነው፣ ምን ያውቃል።»

«ልጅ ነው!» አለች፤ ሳቅም ሳልም የመሰለ ነገር አመለጣት። «ኣንዶም፣ ሽሮውን ወደዚህ አቅርብልኝ።»

አቀረበላት። እጁ አልተንቀጠቀጠም። በኋላ ራሱን ያስጠላው ይህ ነው፦ እጁ አልተንቀጠቀጠም።

ረቡዕ ቀን ረታ ከክፍል ሲወጡ ጠበቀው።

«ነገ ከእኔ ጋር ሆስፒታል ትመጣለህ?» አለ። «ወረፋው ላይ ብቻዬን ስቀመጥ… አንተ ብትኖር ቢያንስ በሰው እንስቃለን።» ጫማውን መሬት ላይ አሻሸ። «አክስቴ አልነበረችም።»

«አውቃለሁ።»

«እንዴት አወቅክ?»

ኣንዶም የቦርሳውን ማንገቻ አስተካከለ። ረታም አላስጨነቀውም፤ የሚያስጨንቀው ሌላ ነገር ሞልቶታል።

«ሐኪሟ ጥሩ ሰው ናት» አለ ረታ። «ዶክተር የኔአለም ትባላለች። ባለፈው ከሩቅ አየኋት። የሚገርምህ፣ ስትቆጣ አንተን ትመስላለች።»

ሐሙስ ከሰዓት ከዘጠነኛ ‹ሀ› ጋር ግጥሚያ ነበራቸው። ኣንዶም ተከላካይ ነው። «ግጥሚያ አለኝ» ቢል ማንም አይጠረጥረውም፤ ረታም ራሱ ያምነዋል። ቃሉ ምላሱ ላይ ነበር፤ የለመደ ቃል፣ ቀለል ያለ፣ ልክ እንደ ዓይን።

«እመጣለሁ» አለ።

ባጃጁ ውስጥ አፀደ መካከል ተቀመጠች። እየተንገጫገጩ ሲሄዱ፣ መንገዱ በተቦረቦረ ቁጥር ጥርሷን ትነክሳለች። ኣንዶም ሳይደርሱ ሊናገር ወስኖ ነበር። ጎዳናው አለቀ፣ በሩ መጣ፣ አልተናገረም።

ኮሪደሩ ላይ ነጠላ የለበሱ ሴቶች በረዥሙ አግዳሚ ተደርድረዋል። የሚያወራ የለም። ሁሉም ለሌላ ሰው ጉዳይ የመጡ፣ የአክስታቸውን ወረፋ የያዙ ይመስላሉ። ሦስቱም ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

በሩ ተከፈተ። ዶክተር የኔአለም በነጭ ጋዋን ወጣች።

«ወይዘሮ አፀደ…» አለች። ከዚያ ከአፀደ ጎን ያለውን አየች። «ኣንዶም? ምን ሆንክ? አባትህ ደኅና ነው?»

ረታ መጀመሪያ ዶክተሯን፣ ቀጥሎ ኣንዶምን፣ ከዚያ እንደገና ዶክተሯን አየ። የሒሳብ ጥያቄ በቃሉ እንደሚሠራ ልጅ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«የእርስዎ ልጅ ነው እንዴ?» አለች አፀደ።

«አዎ፣ የኔ…»

ዶክተር የኔአለም ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። ዓይኗ ከልጇ ወደ ረታ ሄደ፤ ከረታ ወደ አፀደ፤ ተመልሶ ልጇ ላይ አረፈ። እንዲህ ያለ አስተያየት ኣንዶም ያውቀዋል። ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሳ ሳለ የምትፈልገውን ስታገኝ የምታይበት ነው። ስታገኝ ደስ አይላትም።

«ይግቡ» አለች አፀደን፣ በጣም በቀስታ።

አፀደ ተነሣች። ኣንዶም ፊት ስትደርስ ቆመች። ሁሉንም ተረድታለች። ወደ እግሩ አየች።

«ሱሪህ እንደገና አጥሯል» አለችው። ገባች።

ረታ ተነሥቶ ኮሪደሩ ሌላ ጫፍ ሄደ። እዚያ መስኮት አለ። እናቱ እስክትወጣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ቆመ። ከመስኮቱ ውጭ ከአንድ የቆመ አምቡላንስ በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም።

ያን ምሽት ኣንዶም ጩኸት ጠበቀ። እናቱ ሳሎን ተቀመጠች፤ የሲሊኮኑን ጡት ከቁም ሳጥን አውጥታ ጭኗ ላይ አስቀምጣለች። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ የደበቀችው ስለ እሱ ብላ ነበር።

«መዘግየትን በተመለከተ ብዙ ምክንያት ሰብስቤያለሁ» አለች፣ ለተሰብሳቢ እንደምታቀርብ። «ድህነት፣ ርቀት፣ ፍርሃት፣ ጦርነት። ‹የተመራማሪዋ ልጅ› የሚል አልነበረኝም።» ቀና አለች። «ልጨምረው?»

ኣረፋይነ ከወንበሩ ሊነሣ አለና ተቀመጠ።

«ትድናለች?» አለ ኣንዶም።

«በኅዳር ብትጠይቀኝ ኖሮ ‹አዎ› እልህ ነበር» አለች እናቱ። «አሁን ‹እንሞክራለን› ነው የምልህ። ቃሌን ልብ በል፤ ለታካሚዎቼም የምለው ይህንኑ ነው።»

ዓርብ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ፊዚክስ ነው። ረታ ቦታውን ቀይሮ መስኮቱ ጋ ተቀምጧል። መምህር ፍቃዱ ገቡ፤ ጠመኔያቸውን አስቀመጡ፤ ከኮታቸው ኪስ ግማሽ የተበላ ካሮት አውጥተው ወደ ክፍሉ አሳዩ። አንዳንዱ መሳቅ ጀመረ።

«ኣንዶም፣ እናትህን ጠይቅልኝ እስኪ። ስንት ወር ሙሉ በላሁ፣ እንደ ጥንቸል። ለውጥ የለም። ልቀጥል ወይስ ልተው?»

ክፍሉ ወደ ረታ ዞረ፤ ዜና ጠብቆ። ረታ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነበር።

ኣንዶም ተነሣ።

«እናቴ የዓይን ሐኪም አይደለችም» አለ። «የጡትና የማኅፀን ካንሰር ሐኪም ናት። ካሮቱን ያልኩት ራሴ ነኝ። ይቅርታ፣ ቲቸር።»

ከዚያ ከኋላ አንዱ «ጡት» የምትለዋን ቃል ብቻ በቀጭን ድምፅ ደገማት፤ ክፍሉም ፈነዳ። የድሮው ስድብ ይህን ሁሉ ወር የት ተቀምጦ እንደቆየ እንጃ፣ ደቂቃ ሳይቆይ አድራሻውን አገኘ። «የጡት ልጅ!»

መምህር ፍቃዱ እጃቸው ላይ ያለውን ካሮት አዩት። «ካሮቱስ?» አሉ።

«ካሮቱ አይጎዳም።»

«ውጣ!»

ወጣ። የባንዲራው እንጨት ሥር ቆመ። ፀሐዩ አናቱን ይልጠው ነበር። ጥቂት ቆይቶ ዳናይት ከክፍል ወጣች፤ የመጨረሻው ረድፍ ላይ የምትቀመጥ፣ ከመምህራን በቀር ከማንም ጋር የማትነጋገር ልጅ ናት። ባዶ ጠርሙስ ይዛለች። ውኃው ጋ ልትሄድ ይመስል አለፈችው፤ ከዚያ ተመለሰች።

«ስማዕ'ባ፣ ስማኝ እስኪ» አለች፣ ወደ ሌላ እያየች። «እናትህ መቼ መቼ ነው የምታየው?»

«ማክሰኞና ሐሙስ። በጠዋት ቢመጡ ይሻላል።»

«ለአክስቴ ነው።»

«እሺ» አለ። የትኛዋ አክስትሽ ብሎ አልጠየቀም። «‹ኣንዶም ልኮኝ ነው› ትበል። ቶሎ ትምጣ።»

ዳናይት ጠርሙሱን ሳትሞላ ተመለሰች።

ደወሉ ተደወለ፤ ግቢው በሰው ተሞላ። እያለፉ የሚጠሩት ስም እየበዛ ሄደ። ረታ ከሰው መሃል ወጥቶ መጣና ፊቱ ቆመ። ዓይኑ ቀልቷል። የዜና ድምፁ የለም፤ እጁ ላይ የተጠቀለለ ነገር የለም።

«ዛሬ የተናገርከው ለማን ብለህ ነው?» አለ። «ለእኔ?»

ኣንዶም የባንዲራውን እንጨት ያዘ።

«ጠይቄህ ነበር እኮ። በአፌ። ‹ይቀፋታል› አልከኝ። ሄጄ ለእናቴ እንደዚያ አልኳት፣ አንተ እንዳልከኝ፣ ቃል ሳልጨምር።» አንድ እርምጃ ቀረበ። «ሰው ዝም ብሎ እንዲህ አያደርግም። የሆነ ምክንያት ይኖርሃል። ንገረኝ፣ እሰማሃለሁ። ልሰማህ ነው የመጣሁት። ለምን?»

ምክንያትማ ነበረው። ቅዳሜው፣ በረኛው፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በየኮሪደሩ የተጠራው ስም፤ አሁንም እያለፉ ያሉት ልጆች እንኳ እየጠሩት ነው። ወጥመድ መስሎት እንደነበረ። ሁሉም እውነት ነው። ቢናገረው ረታ ያምነዋል፤ ምናልባትም ያዝንለታል። የረታ ልብ እንደዚያ ነው፤ ሐዘኔታው ግን የሚገባው ለኣንዶም አልነበረም።

ኣንዶም ወደ ሱሪው ጫፍ አየ። በጥቁር ጨርቅ ላይ በጥቁር ክር፣ በአንድ እጅ የተሰፋ።

«አላስረዳም» አለ።